የሙሽራዋ እናት አትጨፍርም

አሰፋሽ ደህናውን ጉልበቷን ያሰረችው በሰርጉ ማግስት፣ መልሱ በሚደረግበት እሑድ ጠዋት ነው። ማሰሪያውን አትላንታ ዳር ክላርክስተን ካለው መድኃኒት ቤት ገዝታ ነበር። መታጠቢያ ክፍል ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ ከቀሚሷ ስር ቀኝ ጉልበቷ ላይ አጠበቀችው። ከዚያ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ማነከስ ተለማመደች።

የሙሽራ እናት በመልስ ቀን መጨፈር አለባት። የትም አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። የወንዱ ወገን ተነስቶ እየጨፈረ የሴቷ እናት ከወንበሯ ካልተነሳች፣ ልጄን ሰጠኋችሁ እንጂ አልወደድኳችሁም ማለቷ ነው። ከዚህ የሚያድናት ሐዘን ወይም ሕመም ብቻ ነው። ሐዘን አልነበረባትም።

ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። ልጇ ሄርሜላ ፊዚካል ቴራፒስት ናት።

"እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?"

"ጉልበቴን።"

"መቼ?"

"ትናንት፣ ቤተ ክርስቲያን ደረጃው ላይ።"

ሄርሜላ የመልስ ቀሚሷን እንደለበሰች ምንጣፉ ላይ ተንበረከከች። ማሰሪያውን ፈታች፤ በአውራ ጣቷ ጉልበቱን ዙሪያውን ጫን ጫን አደረገች።

"እዚህ ጋ ያምሻል?"

"አዎ።"

"እዚህስ?"

"አዎ፣ አዎ።"

"እማ፣ እዚህ የሚያምሽ ከሆነ እዛ አያምሽም። አንዱን ምረጪ።"

አሰፋሽ አልመረጠችም። ሄርሜላ እግሯን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ አዞረችው። ስትነሳ ፊቷ ሌላ ነበር።

"ጉልበትሽ ከእኔ ይሻላል። ምንድን ነው ነገሩ? አማቶቼን ስለማትወጃቸው ነው?"

"እንዴት እንዲህ ትያለሽ!"

"ታዲያ ሁለት ደቂቃ ተነሺ። ሁለት ደቂቃ ብቻ። ጭፈራ ብትችይ ባትችይ ግድ የለኝም። እኔም አልችልም፣ ታውቂያለሽ።"

እውነቷን ነው። ሄርሜላ ስትጨፍር ትከሻዋ ጆሮዋ ስር ይጣበቃል፤ ጓደኞቿ ይስቁባታል። ልጅ ሆና እስክስታ አስተምሪኝ ብላት ነበር። አሰፋሽ "እኔ አልችልም" አለቻት። ሄርሜላ አመነቻት።

አሰፋሽ ተወዛዋዥ ነበረች። በቡድኗ ውስጥ ውዝዋዜ ያቀናበረች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። አትላንታ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የተወለደችው ደሴ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት ቀበሌው የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ከክፍል አውጥተው አስገቧት። መጀመሪያ ተገዳ ሄደች፤ በኋላ ማንም ሳያስገድዳት መቅረት አልቻለችም። አባቷ ይህን በዝምታ አለፈው። የክፍለ ሀገሩ ቡድን መርጧት ደመወዝ ሲቆረጥላት ግን "ትከሻዋን ሸጣ የምትበላ ልጅ የለችኝም" አለ። እስኪሞት አላናገራትም። ለቅሶው ላይ ስትደርስ ዘመድ ቦታ ለቀቀላት፤ አጠገቧ ግን የተቀመጠ የለም።

ከደሴ ወደ አዲስ አበባ አዘዋወሯት። እዚያ ለጥቂት ሳምንታት የምታሠለጥን አንዲት ሴት ከካይሮ መጣች። በአገሯ የገጠሩን ጭፈራ ወደ መድረክ ካወጡት የመጀመሪያዎቹ አንዷ ናት ተባለ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲጋራ የማይለያት ሴት ነበረች። ሌሎቹ እንግዳ ስለሆነች አከበሯት። አሰፋሽ ግን ሴትዮዋ የምትለውን እያንዳንዱን ቃል ያዘች።

"የመንደር ጭፈራ እንዳለ መድረክ ላይ ብታወጪው ሰው ያዛጋል" አለቻት በአስተርጓሚ። "አንድ ነገር ምረጪ። ያንን አጉልተሽ አሳዪ። ሌላውን ጣዪው።"

አሰፋሽ በዚህ ዘዴ ሠራች። ቡድኑ መኪናና ቴፕ ሰጥቷት ገጠር ለገጠር ዞረች። ታያለች፣ ትቀዳለች፣ ተመልሳ አንድ ነገር ትመርጣለች። ወንዶቹ ተወዛዋዦች መጀመሪያ በሴት አንታዘዝም አሉ፤ ጭብጨባውን ሲሰሙ ታዘዙ። ከሥራዎቿ ሁሉ የታወቀው የመረባ ውዝዋዜ ነበር። መረባ ተራራ ላይ ያለ ትንሽ ወረዳ ነው። ውዝዋዜው አስቂኝ ነበር፤ በዓል በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን ይታይ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ። እሷም ካይሮ ገብታ የሰው ቤት አጸዳች። ሄርሜላን እዚያ ወለደች። የልጅቷ አባት ወደ ሊቢያ ተሻግሮ ድምፁ ጠፋ። አንድ ቀን የምታጸዳበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ ያችን አሠልጣኝ አየቻት። አርጅታለች። ሹማምንት ተራ በተራ እጇን ይስማሉ። የቤቱ እመቤት "ይቺን ሴት አገር ያከብራታል" አለቻት። አሰፋሽ መስኮቱን መወልወል ቀጠለች። አስተምራኛለች ብትል ማን ይከለክላት ነበር? አላለችም።

አትላንታ በደረሰች በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሴቶቹ አዳራሽ ውስጥ ሰው እያሙ ነበር። የሚያሟት አንዲት ዘፋኝ ነበረች። "የመድረክ ሴት ናት። ከመድረክ ሴት ጋር ማኅበር አልጠጣም" አለች አንዷ። ከዚያ ወደ አዲሷ ዞረች።

"አንቺስ እህቴ፣ አገር ቤት ምን ነበርሽ?"

"የስፖርት አስተማሪ።"

ሳታስበው ወጣ። ሁሉም ነገር ከዚህ መልስ ጋር ገጠመ። ቀጥ ያለ ወገቧ፣ የማይደክማት እግሯ፣ አረማመዷ፤ ሁሉም ስፖርት ሆነ። መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፈች፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ገፋች፣ ትንሽ ቤት ገዛች። ሰርግ ሲኖር ቶሎ ብላ የሰው ሕፃን ታቅፋለች። ሕፃን የታቀፈችን ሴት ማንም ተነሺ አይላትም። ይህ ዘዴ ልጇ እስክታገባ ሠራ።

መልሱ ቻምብሊ ውስጥ በተከራዩት አዳራሽ ነበር። ከምሳ በኋላ የመድረክ መሪው ናትናኤል ማይክሮፎኑን ያዘ። "እሺ! አሁን የሙሽራው አባትና የሙሽሪት እናት! ቪዲዮ፣ ሬዲ?"

የሙሽራው የፊሊሞን አባት አቶ ገብረሕይወት ይባላል። ስማይርና ውስጥ ጋራዥ አለው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ አባል ነው። የመረባ ሰው ነው። ይህን አሰፋሽ ሽማግሌ በተላከ ቀን ስትሰማ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀምጣ ወጥ ቤት ገብታ ነበር። ማንም ልብ አላለም።

የመረባ ሙዚቃ ተከፈተ። ገብረሕይወት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ አንገቱን እንደ ምሰሶ አቁሞ፣ በዝግታ ወደ ወንበሯ መጣ። ፊቷ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

"አማቼ፣ ይነሱልኝ።"

"ጉልበቴን ትንሽ..."

"ጉልበት?" አለች ሚስቱ ሶስና ከጎን። "ትናንት ስንት ጊዜ ሰገዱ! እኔ እኮ ከኋላዎ ነበርኩ፤ ልከተልዎት አቅቶኝ ወገቤን ይዤ ነው የቀረሁት!"

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ሄርሜላ ከሙሽሮቹ ወንበር እያየቻት ነበር። አሰፋሽ ተነሳች።

ተነስታ ሳለች አሰበች። በደንብ ብትጨፍር ያበቃላታል። አንዲት ተወዛዋዥ አንገቷን አንዴ ከሰበቀች የሚያውቅ ሰው ያውቃታል፤ አዳራሹ ውስጥ በእሷ ዕድሜ ያሉ፣ ያኔ ቴሌቪዥን ያዩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ አበላሽታ ለመጨፈር ወሰነች። ችግሩ አበላሽታ ጨፍራ አለማወቋ ነው። ሰውነቷ የሚያውቀውን ፈለገ፤ ፈልጎም አገኘ። ጀርባዋ ጎበጠ። ግራ ዳሌዋ ወደ ውጭ ወጣ፣ ተመለሰ። እግሯ ተጎተተ። አንገቷ እንደ ዶሮ ወደፊት ሰገግ አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ስልኮች ወጡ። የሄርሜላ ሚዜ ራኬብ ወንበር ላይ ወጥታ ትቀርጻለች። ሳቁን አሰፋሽ ታውቀዋለች። ከዓመታት በፊት ከመብራቱ ማዶ ከጨለማው ውስጥ የሚመጣው ያው ሳቅ ነው። ደስ አላት። በኋላ ይህን ስታስታውስ ከሁሉም በላይ የሚያቃጥላት እሱ ነው፤ ደስ ብሏት ነበር። ዳሌዋን ጨመር አደረገችው። እግሯን ይበልጥ ጎተተችው። ሳቁ ጨመረ።

ቀና ስትል ገብረሕይወት ቆሟል። ዱላው ከትከሻው ወርዷል። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ በሰው ፊት ልብሱ የተገፈፈ ሰው ፊት ነበር። ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ኮቱን አነሳና ወጣ።

ሶስና ቦርሳዋን ይዛ ስታልፍ አጠገቧ ቆመች።

"ወይዘሮ አሰፋሽ፣ እኛ እኮ ሰው አገኘን ብለን ነው የመጣነው።"

በማግስቱ ራኬብ ቪዲዮውን ፖስት አደረገችው። "ምርጥ አማች" ብላ ሦስት የሳቅ ምልክት አድርጋበታለች። ክፋት አልነበራትም። ረቡዕ ላይ ዳላስ ያሉ ልጆች ዳሌያቸውን እየሰበሩ እየጎበጡ ተቀርጸው ላኩላት። አጥፊው ስትባል አጠፋችው፤ ግን ቀድሞ ተበትኗል።

ሐሙስ ከሥራ በኋላ ሄርሜላ የእናቷ በር ላይ ፓርክ አደረገች። ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

"ጋሼ ገብረሕይወት አንቺ ባለሽበት ቤት አልገባም ብሏል። ፊሊሞን ዝም ብሏል። ከአባቱ ጋር አይነጋገርም፣ ከእኔ ጋርም ግማሽ ግማሹን ነው የሚያወራው። ነገ ልጅ ብንወልድ ክርስትናው ላይ አንዳችሁ መኪና ውስጥ ልትቀመጡ ነው?"

"ጥፋቴ ነው። ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ።"

"ቆይ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።" ስልኳን አወጣች። ቪዲዮውን ከፈተች፣ አቆመች፣ ወደ ኋላ መለሰችው። "ይሄን አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ። ይሄ ጭፈራ አይደለም፣ እማ። ይሄን አረማመድ በየቀኑ ክሊኒክ አያለሁ። ዳሌው ተሰብሮ ሳይታከም የቀረ ሰው ነው እንዲህ የሚሄደው። ትከሻው የሚያዘነብለው፣ እግሩ የሚጎተተው፣ ሁሉም በትክክል። ይሄን ዝም ብሎ ሰው አይፈጥረውም። ማንን አይተሽ ነው?"

አሰፋሽ ስልኩን ከእጇ ተቀበለች። የራሷን ጀርባ አየች። ከዚያ ተቀመጠችና ነገረቻት። ረጅም አልነበረም። ደሴ፣ ቡድኑ፣ ቅንብሩ። መረባ ሦስት ቀን ነበረች። ሰዉ ሁሉ ቀጥ ብሎ፣ አንገቱን አቁሞ፣ በዝግታ ይጨፍራል። ለመድረክ የሚሆን ምንም አላገኘችበትም። በሦስተኛው ቀን ገበያ ውስጥ እንጨት የምትሸጥ አንዲት ሴት ለእንግዶቹ ክብር ብላ ሸክሟን አውርዳ ጨፈረች። ዳሌዋ የተሰበረ ነበር። ለመቆም ትቸገራለች፤ ቢሆንም ቀና ለማለት ትታገላለች። አሰፋሽ አንድ ነገር መረጠች። ትግሉን ጣለችው፤ ስብራቱን ወሰደች። አሥራ ስድስት ሰው አሰልፋ አስጨፈረችው።

ሄርሜላ ስልኩን ተቀብላ ቪዲዮውን ዘጋችው።

"የስፖርት አስተማሪ አልነበርሽም።"

"አልነበርኩም።"

"ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እኮ ስለዚያ ጽፌ ነው። እናቴ የስፖርት አስተማሪ ናት፣ ሰውነትን ማክበር ያስተማረችኝ እሷ ናት ብዬ። አንዷ ፕሮፌሰር አንብባ አለቀሰች።" ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። "እስክስታ አስተምሪኝ ብዬሽ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ታዪኝ ነበር።"

አሰፋሽ እጇን ልትይዝ ዘረጋች።

"ቅዳሜ ጋሼ ሰርፀ ያስታርቃችኋል" አለች ሄርሜላ ተነስታ። "ያኔ ንገሪያቸው።"

ጋሼ ሰርፀ በቤተ ክርስቲያኑ የተጣላ ሁሉ የሚጠራው ሽማግሌ ነው። ባልና ሚስት፣ ሸሪክና ሸሪክ፣ ቦርድና ቄስ አስታርቋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ጥፋቱን ከክፍሉ ውጭ ላለ ሰው ይሰጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ስማይርና፣ በገብረሕይወት ሳሎን፣ ነጠላውን አደግድጎ መሀል ተቀመጠ። ገብረሕይወትና ሶስና ከአንድ ወገን፣ አሰፋሽና ሄርሜላ ከሌላው። ፊሊሞን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

"በል ገብሬ፣ ሆድህ ውስጥ ያለውን አውጣው። እኛም እንድንበላ።"

ገብረሕይወት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተናገረ። የጋራዥ ሥራ ያጠቆራቸው ትልልቅ እጆች ናቸው።

"በአሥራ ሁለት ዓመቴ ለትምህርት አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ገባሁ። በዚያው ዓመት በእንቁጣጣሽ ያ ነገር በቴሌቪዥን ታየ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ ከኋላዬ ተሰልፈው እየጎበጡ፣ ዳሌያቸውን እየሰበሩ ይከተሉኝ ጀመር። 'መረባ! መረባ!' እያሉ። እስክጨርስ ስሜ እሱ ነበር። አስተማሪው ሳይቀር ይስቃል።" ቆም አለ። "እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ሁለት ቀን በእግሯ ሄዳ፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ነበረች። ግን ልጆቹ መረባ መሆኗን ካወቁ ይጫወቱባታል ብዬ ፈራሁ። የግቢው በር ላይ አስቁሜ፣ ያመጣችውን ቆሎ ተቀብዬ፣ ሂጂ አልኳት። ከዚያ በኋላ አላየኋትም።"

ሶስና ባሏን አየችው። ይህን ከዚህ በፊት ያልሰማች ይመስላል።

"እና ልጄ ሰርግ ላይ፣ እኔ ዱላዬን ይዤ ቆሜ፣ ያንኑ..." አልጨረሰውም።

ሰርፀ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ አየህ ገብሬ! ጠላትህ ሌላ ነው። ያንን ነገር ማን ያላየ አለ? እኔም አይቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ስቄያለሁም። እሳቸው ጭፈራ አይችሉም፤ ተጨንቀው በቴሌቪዥን ያዩትን አወጡ። ጥፋቱ ያቺ ያቀናበረችው ሴትዮ ነው፣ ያ መንግሥት ነው። አይደለም እንዴ ወይዘሮ አሰፋሽ? ከቴሌቪዥን ነው፣ አይደል?"

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። በሩ ተከፍቶላታል፤ ማለፍ ብቻ ነው የቀራት። የሄርሜላ ዓይን ጎኗ ላይ ተሰማት።

"ነው" አለች አሰፋሽ። "ከቴሌቪዥን ነው።"

ሄርሜላ ምንጣፉን ማየት ጀመረች።

"ተመስገን!" አለ ሰርፀ።

ከዚያ አሰፋሽ ያልጠበቀችው ሆነ። ገብረሕይወት ተነስቶ መጣና ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳመ።

"ይቅር ይበሉኝ፣ አማቼ። እርስዎ ምን ያውቃሉ? ሰው ፊት ጥዬዎት ወጣሁ። አሳፈርኩዎት።"

"ምንም አይደል" አለች።

ምንም አይደል። በኋላ መኪና ውስጥ ይህን ቃል በልቧ ደጋግማ ሰማችው።

ምግብ ቀረበ። ፊሊሞን ከአባቱ ጎን ተቀመጠ። ሶስና ለአሰፋሽ ወጥ እየጨመረች "ይብሉ እንጂ፣ እኔን አይፍሩ፤ ክፉ ነገር ተናግሬዎታለሁ፣ ምላሴ ነው" ትላታለች። ጨዋታው ሞቅ ሲል ሄርሜላ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ያቺን ሴት... ያቀናበረችውን ማለቴ ነው፣ ቢያገኟት ምን ይሏታል?"

"እኔ? አይ ልጄ፣ ሞታ ይሆናል። ነፍስ ይማር።"

"በሕይወት ካለች ግን ዳሌዋን ይያዛት!" አለች ሶስና።

ሰርፀ አፉ ላይ ያለውን ሳይውጥ ሳቀ። ፊሊሞን ሳቀ። አሰፋሽም ሳቀች።

ገብረሕይወት አልሳቀም። ጥያቄውን የምር አድርጎ ያዘው። "አንድ ነገር እጠይቃታለሁ። እኛን አይተሽን ታውቂያለሽ? እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ መጥተሽ አይተሽን ታውቂያለሽ ወይስ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ነው የፈጠርሽን? አላየችንም። ብታየን እንዲያ አታደርገንም ነበር። ይህን እያሰብኩ ነው ይቅር የምላት።"

ሲወጡ ሶስና በዕቃ ወጥ ጨምራ ሰጠቻት። ገብረሕይወት በር ድረስ ሸኛቸው፤ ለልጅ ልጃችን ክርስትና ያብቃን አለ። ሰርፀ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ፊሊሞን ከአባቱ ጋር ሊቆይ ነው።

ሄርሜላ መሪውን ጨበጠች። መኪናውን አላስነሳችም።

"እንሂድ" አለች አሰፋሽ።

"አልቆጣሽም" አለች ሄርሜላ ፊት ለፊቷን እያየች። "እኔም አልነግራቸውም። የእኔ አይደለም። ግን አሁን ይሄን ሰውዬ በየሳምንቱ አየዋለሁ። አንቺን አማቼ እያለ ሲስምሽ አያለሁ። ልጄን ታቅፎ አየዋለሁ። እና ሁልጊዜ አውቃለሁ። ይሄን ነው የሰጠሽኝ።"

አሰፋሽ ጭኗ ላይ ያለው የወጥ ዕቃ ይሞቃል። ዕድሜዋን ሙሉ ያፈረችው ተወዛዋዥ በመሆኗ ነበር። አባቷ የጣለባትን እፍረት ተሸክማ ባሕር ተሻገረች፤ ከሴቶች ወሬ ሸሸገችው፣ በሰው ሕፃን ሸፈነችው፣ ጉልበቷ ላይ አሰረችው። ተወዛዋዥነቷ ግን ማንንም አልጎዳም። የጎዳው የመረባው ቅንብር ነው፤ በእሱ አንድም ቀን አፍራ አታውቅም። ሲጨበጨብበት ትኮራበት ነበር።

ዕቃውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወረደች።

ደወሉን ስትጫን ከበሩ ጎን ያለው ትንሽ ካሜራ በራ። ገብረሕይወት ራሱ ከፈተ። ጫማውን አውልቋል፤ ፊቱ ላይ አሁንም የምሳው ጨዋታ አለ።

"ምን ረስተው ነው አማቼ?"

"አይቻችኋለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"መረባን አይቻለሁ። ሦስት ቀን ነበርኩ። ሁላችሁም ቀጥ ብላችሁ ነበር የምትጨፍሩት። አንዲት ሴት ብቻ ዳሌዋን የታመመች ነበረች፤ የእሷን ወሰድኩ። ያቺ ያቀናበረችው ሴት እኔ ነኝ።"

ገብረሕይወት አያት። ዓይኑ ከፊቷ ወደ ትከሻዋ፣ ወደ ወገቧ፣ ወደ እግሯ ወረደና ተመለሰ። ቀጥ ያለችውን ሴት አሁን ገና ያያት ይመስል ነበር።

ልጅ ነበርኩ ልትል ፈለገች። የበላይ አዞኝ ነው ልትል ፈለገች፤ ይህ እውነት አልነበረም፣ ማንም አላዘዛትም።

"ማነው?" አለች ሶስና ከውስጥ። "ገብሬ? ማነው?"

አንድ እጁ የበሩ እጀታ ላይ ነው። ከቤቱ ቀዝቃዛ አየር እየወጣ የአሰፋሽን ፊት ይነካል። መንገዱ ላይ ሄርሜላ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጋ ታያለች።

በሩን አልዘጋውም። ይግቡም አላለም። አሰፋሽ ደጁ ላይ ቆመች።